ከማን ሰማኸው?

 

የምርጫ ሰሞን በደረሰ ቁጥር የወረታ ገበያ ሁለት ነገር ይሸጥበታል። አንደኛው ከፎገራ ሜዳ የሚወጣው ሩዝና ሽንኩርት ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው። ሩዝ የሚገዛ ሰው እፍኝ አንስቶ ያሻል፣ ስብርባሪውን ያያል፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ ይጠይቃል። ወሬውን ግን እንዳለ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፤ ማታ በማዕድ ዙሪያ ለልጆቹ ያካፍላል። በማግስቱም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ አንዱን ፓርቲ ያመሰግናል፣ ሌላውን ያወግዛል። የዛሬው መልእክታችን ስለዚህ ነገር ነው።

የፖለቲካ ዘጋቢ የሚባለው ጋዜጠኛ ሥራው አንድን ፓርቲ መውደድ ወይም መጥላት አይደለም። ሥራው መጠየቅ ነው። ይህን የተናገረው ማን ነው? በቦታው ነበር ወይስ ከሌላ ሰው ሰማ? ከዚህ በፊትስ ምን ብሎ ነበር? ቢታመንለት ምን ይጠቀማል? ከእርሱ ጋር የማይስማማው ወገን ምን ይላል? በመድረሳ ያለፈ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ሰነዱን ይመረምሩ ነበር። ማን ከማን እንደ ሰማ፣ ሁለቱ በእርግጥ ተገናኝተው እንደሆነ፣ ተናጋሪው በእውነተኛነቱና በማስታወስ ችሎታው የታመነ መሆኑን ሳያጣሩ አያልፉም። ለሃይማኖታችን ይህን ያህል የተጠነቀቅን ሰዎች ለአገራችን ጉዳይ «ሲሉ ሰማሁ» የሚለው ሊበቃን አይገባም።

ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነውና። መራጩ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሲያደርግ «ይህ ሰው ለዚህ አደራ ይበቃል» ብሎ መመስከሩ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር እንድናጣራ አዞናል፤ አለዚያ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንጸጸታለንና። በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ይህ ብቻ ውሸታም ለመሰኘት እንደሚበቃው አስተምረዋል።

እስቲ አጣሪነቱን በምንኖርበት ሜዳ እንለማመደው።

የመጀመሪያው የፓርቲ ስም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፓርቲን ስም ግን የሚያወጣው ጉባኤ ነው። በ1977 የተመሠረተው ኢሠፓ በ1983 ከደርግ ጋር አበቃ። በ1973 ኢሕዴን ተብሎ የተመሠረተው ድርጅት በ1986 ብአዴን ሆነ፤ በመስከረም 2011 አዴፓ ተባለ፤ በ2012 ደግሞ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ፓርቲ ሆነ። በ2010 የተመሠረተው አብንም ለመራጩ ሌላ አማራጭ ይዞ ወጣ። ታዲያ ጥሩ ዘጋቢ በአዲሱ ስም አይደነግጥም፣ አይማረክምም። «በቀድሞው ስም ወንበሩ ላይ የነበረው ማን ነበር? ምን ሠራ? ምን በደለ? ዛሬስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መራጩም እንዲሁ ቢጠይቅ ስም ሲለወጥ ሰው የተለወጠ፣ ሰው ሲለወጥም አሠራር የተለወጠ አይመስለውም።

ሁለተኛው የድካም ባለቤትነት ነው። በፎገራ የሩዝን ስም የማያነሳ ተመራጭ አይገኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። የተስፋፋው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። እንግዲህ «ሩዙን ያመጣንላችሁ እኛ ነን» የሚል ሰው ሲመጣ ሰነዱ ይቆጠርለት። ከሁሉ በላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያረመው ገበሬና ምርቱን ያበጠረችው እናት ከዝርዝሩ እንዳይጠፉ።

ሦስተኛው ተስፋ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት የተስፋ ቃልም አብሮ ይሞላል። በ1998 ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሁሉ መከላከያ እንዲሠራ ይመኛል። ነገር ግን ይህን የሚወስነው የትኛው ምክር ቤት ነው? በጠቅላላ ምርጫ ቀን መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ለፌዴራሉ የሚወዳደር ሰው የቀበሌ መንገድ ቃል ሲገባ «በየትኛው ሥልጣንህ? በየትኛው በጀት? በስንተኛው ዓመት?» ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ አይደለም፤ አደራን ማክበር ነው።

አራተኛው ቁጥር ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። ከ100 መራጭ አንዱ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ ባለ 40ው ወንበሩን ይወስዳል፤ 60ው ሰው ግን አልመረጠውም። ስለዚህ የወንበር ቁጥርና የሰው ልብ አንድ አይደሉም። በግንቦት 1997 ሕዝቡ የፓርቲዎችን ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በነፃነት ሰምቶ ነበር፤ ቅንጅትም የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ አገኘ። ውጤቱ ባስነሳው ውዝግብ ግን ደም ፈሰሰ፤ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸው በምርመራ ተረጋገጠ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በግንቦት 2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። በሬዲዮ ሲነገር ሙሉ ስምምነት ይመስል ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ በሐምሌ ጎንደር፣ በነሐሴ ባሕር ዳር ተከተሉ፤ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሰኔ 2013ም ብልጽግና ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አሸነፈ፤ በ2015 መጨረሻ ክልላችን ወደ ግጭት ገባ። ማንም ተቃዋሚ የሌለበት ምስክርነት ሲሰማ ጥሩ ዳኛ ይጠረጥራል፤ ጥሩ ዘጋቢም «ያልተጠየቀው ማን ነው?» ይላል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚያስፈራው ሰውን ከሰው የሚያጋጭ ወሬ ነው። በታኅሣሥ 2012 በዚሁ በክልላችን በሞጣ ከተማ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሳ የሚለው ወሬ ከተሠራጨ በኋላ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ድርጊቱን ያወገዙ ክርስቲያን ወገኖቻችን ብዙ ነበሩ። የሞጣ እሳት የተቀጣጠለው በክብሪት ብቻ አልነበረም፤ «ሲሉ ሰማሁ» በሚለው ቃል ጭምር እንጂ። በምርጫ ሰሞን እንዲህ ያለው ወሬ ገበያው ይደራል፤ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለበቀል ያራባዋል። በወረታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይውላሉ፣ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ። ይህን ያፈረሰ ሰው ምርጫ ቢያሸንፍ ምን ይጠቅመናል?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነፃ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለሙስሊሞች ሌላ ሰው ሊነግረን አያሻም። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ስንል ከጥያቄዎቻችን አንዱ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ እንጂ በቀበሌ አይሁን የሚል ነበር፤ በመስከረም 2005 ግን በቀበሌ ተካሄደ። በመስጊድ ለመምረጥ እስከ 2017 መጠበቅ ነበረብን። ያኔ ለራሳችን የጠየቅነውን ፍትሕ ዛሬ ለጎረቤታችንም መመኘት አለብን። «ስሙ አሕመድ ስለሆነ» ብቻ መምረጥም «ስሙ አሕመድ ስለሆነ» ብቻ መከልከልም ከፍትሕ አይቆጠሩም። መመዘኛው አማናና ችሎታ ነው።

በየቤታችንም እንዲሁ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ሁሉ በሚስጥር እንዲመርጥ ፈቅዷል። ባል ለሚስቱ፣ አባት ለልጁ ምክር ቢሰጥ መልካም ነው፤ ምስክርነቷን ግን ሊወስድባት አይገባም። በቂያማ ቀን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይጠየቃልና። ወጣቱ በስልኩ የመጣለትን ለእናቱ ሲያነብ «ይህን ማን ጻፈው?» የምትል እናት ከብዙ ካድሬ ትበልጣለች። ስለዚህ ማታ ማዕድ ሲቀርብ የፓርቲ ነገር ከተነሳ፣ ከመስማማታችንም ከመጣላታችንም በፊት አንድ ጥያቄ እንልመድ፦ ከማን ሰማኸው?

አላህ (ሱ.ወ.) እውነትን መርምረው ከሚመሰክሩት፣ አደራን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። ለአገራችን ሰላምን፣ ለመሪዎቻችን ፍትሕን ይስጥልን። አሚን!