ሦስት ነጥብ ከተቀነሰ በኋላ

በዛሬው ዓምዳችን የማወጋችሁ ስለ እግር ኳስ ነው። «የፓስተር ሚስትን ደግሞ ከኳስ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ተቀምጬ ከማየት በቀር የጨዋታው አዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. በብሔራዊ ቡድናችን ላይ ከደረሰው ነገር ያገኘሁት ትምህርት እስከ ዛሬ ለትዳሬ ይጠቅመኛልና ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቁበት ነው። በዚያው ዓመት ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ምድባቸውን ይመሩ ነበር። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ እዚህ አገናም ሰው ከየሻይ ቤቱ እየወጣ መንገድ ላይ ተቃቀፈ። ነጥባችን 13 ደረሰ። ደስታው ግን አላደረም። ፊፋ በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በግንቦት 2004 ከደቡብ አፍሪካ፣ በመጋቢት 2005 ደግሞ ከቦትስዋና ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቷል። በደንቡ መሠረት ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ውስጥ በተደረገው የመልስ ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። እርሱ ግን ተሰለፈ። ካርዱን ቆጥረው መያዝ የነበረባቸው ሰዎች ሳያስተውሉት ቀሩ። ስለዚህ 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ 13 የነበረው ነጥባችንም ወደ 10 ወረደ።

እስኪ እናንተ በዚህ ወጣት ቦታ ብትሆኑ ምን ይሰማችሁ ነበር? ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ለዓለም ዋንጫ መድረስን ይመኛል። ምኞቱም ኃጢአት አይደለም፤ መሮጫ ጉልበት የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። ታዲያ የአንድ አገር ሕልም ሊጨናገፍ ሲል በየቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚነሳው የእናንተ ስም ቢሆን፣ እንደገና ማሊያ ለመልበስ ድፍረቱ ይኖራችሁ ነበር?

ጳጉሜን 2 ቀን ቡድኑ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ብራዛቪል ላይ ተገናኘ። ማለፉን ለማረጋገጥ የግድ ማሸነፍ ነበረበት። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ምንያህልን አሰለፉት። ግብ አስቀድሞ ተቆጠረብን። እኛ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና ቤቱ ጸጥ አለ። ከእረፍት በኋላ የአቻነቷን ግብ ያገባው ራሱ ምንያህል ነበር። ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1 አሸነፍን።

ሰው ሁሉ ሲጮህ ባለቤቴ አልጮኸም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱንስ መልሰው አስገቡት» አለ። ይህን ያለው ለማንም አልነበረም፤ እኔ ግን ሰማሁት፤ ልቤንም ወጋኝ።

ለምን እንደወጋኝ ልንገራችሁ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለአንድ ዘመዱ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ዘመዱ ዕዳውን ጥሎ አገር ለቆ ሄደ። ለቤታችን ቆርቆሮ መግዣ ብለን ከቆጮአችንም ከልብሳችንም እየቀነስን ያጠራቀምነው ገንዘብ ለሰው ዕዳ ዋለ። ባለቤቴ ጥፋቱን አልሸሸገም። ፊቴ ቆሞ፣ «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለኝ። እኔም፣ «ይቅር ብያለሁ» ብዬ አብረን ጸለይን።

ከዚያ በኋላ ግን ምን አደረግሁ? የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ «ያኔ ዋስ ባትሆን ኖሮ» እላለሁ። ለመስቀል ሥጋ ሲያንሰን፣ «ያኔ ዋስ ባትሆን ኖሮ»። ክረምት ገብቶ ጣሪያው ሲያፈስስ፣ ያንኑ እደግመዋለሁ። እያደር ባለቤቴ ስለ ገንዘብ ሐሳብ ማቅረብ ተወ። ምንም ብጠይቀው መልሱ፣ «አንቺ እንዳልሽ» ሆነ። እኔ ደግሞ አክብሮኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካስ ይቅር ያልኩትን ሰው ከሜዳ አስወጥቼ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጬው ኖሯል!

ወገኖቼ፣ ፊፋ እንኳ ሦስቱን ነጥብ የቀነሰው አንድ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ መጥቶ ስለዚያው ጥፋት እንደገና ሦስት ነጥብ አልቀነሰም። እኛ ግን ለአንዱ ጥፋት ሰኞም፣ ለገናም፣ ዘመድ በተሰበሰበበትም እንቀንሳለን። ካርድ መቁጠር የፌዴሬሽን ሥራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ስለ ፍቅር ሲያስተምር፣ ፍቅር የበደል መዝገብ ይዞ እንደማይዞር ይነግረናል።

ይህን ስል ጥፋት ይሸፈን ማለቴ አይደለም። የፌዴሬሽኑ ሰዎችም ስህተታቸውን አምነዋል፤ ቡድኑም ዋጋውን ከፍሏል። እህቴ ሆይ፣ ባልሽ እጁን የሚያነሳብሽ ወይም በደሉን የማይተው ከሆነ ዝም ብለሽ ቻዪው አልልሽም፤ ለምታምኛቸው ሰዎችና ለሽማግሌዎች ንገሪ፤ ራስሽንም ጠብቂ። እኔ የምናገረው ጥፋቱን አምኖ፣ ከፍሎና ተመልሶ፣ አሁንም ድረስ ስለሚቀጣው ሰው ነው። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታም በባሕሩ ዳር ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ ጠይቆም በጎቹን አደራ ሰጠው (ዮሐንስ 21)። ይቅር ብሎ ጥግ ላይ አላስቀመጠውም፤ ሥራ ሰጠው።

የዋሊያዎቹን መጨረሻም ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ብራዚል ሳይደርሱ ቀሩ። የእኛም ገንዘብ አልተመለሰም፤ ጣሪያውም ተጨማሪ ሁለት ክረምት አፍስሷል። ይቅርታ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። ሰውን ግን ይመልሳል።

በዚያ ምሽት ጎረቤት ከሄደና ልጆች ከተኙ በኋላ የሣጥኑን ቁልፍ አምጥቼ በባለቤቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥሁ። «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱን ነገር አብረን እንያዝ፤ ያንን ነገር ሁለተኛ አላነሳውም» አልኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ለመጠየቅ እንኳ የፈራ መሆኑን ሳይ አለቀስሁ። በማግስቱ ጠዋት ስለ ጣሪያው ያሰበውን ነገረኝ። ለካስ ሐሳቡ ሁሉ ልቡ ውስጥ ነበረ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ቡና ተፈልቶ ልጆች ሲወጡ እርስ በርሳችሁ ይህን ጠይቁ፦ «ይቅር ካልሁህ በኋላ ደግሜ የማነሳብህ ነገር አለ?» «ይቅር ካልሁሽ በኋላ ደግሜ የማነሳብሽ ነገር አለ?» መልሱን አቋርጣችሁ አትከራከሩ፤ አዳምጡ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።