422 ሰው ለየትኛው ጥያቄ?

በአገራችን የጤና ሳይንስ ኮሌጆች የመመረቂያ ጥናቶችን ያገላበጠ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያጋጥመዋል፤ 422። አንዳንዴ 423 ወይም 424 ይሆናል እንጂ ብዙም አይርቅም። ምንጩ ይታወቃል። "ስርጭቱ አይታወቅም" ተብሎ ቀመሩ ውስጥ 50 በመቶ ይገባል፣ 5 በመቶ የስህተት ህዳግ ይሰጠዋል፣ 384 ይወጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ይጨመርና አለቀ።

ቀመሩ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ጥያቄው ሳይታይ መልሱ ቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። ይህ ደግሞ የዓይን ምርምር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። እስቲ አንድ ተማሪ በዞኑ ያለውን የዓይነ ስውርነት መጠን ለማወቅ 384 ሰው መረመረ እንበል። የሚያገኘው ስድስት ዓይነ ስውር ገደማ ነው። ያቀደውን የ5 በመቶ ህዳግ ይዞ ሲናገር መልሱ "ከዜሮ እስከ 6.6 በመቶ" ይሆናል። ይህን ለማወቅ መኪና መከራየትም አያስፈልግም ነበር። ህዳጉን ወደ 0.3 በመቶ ለማጥበብ ከ6,700 በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ሁሉም አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡ። አገር አቀፉ ጥናት ከ25,000 በላይ ሰው የመረመረው ለጉራ አይደለም።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ሰው ሁለት ዓይን አለው። 100 የግላኮማ ሕሙማን ያሉት ተመራማሪ "200 ዓይን መረመርኩ" ሲል ናሙናው በእጥፍ ያደገ ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ዓይን አንድ ዕድሜ፣ አንድ ዘር፣ አንድ የስኳር በሽታ ይጋራሉ። የሁለቱ ዝምድና 0.8 ቢሆን፣ 200ው ዓይን የሚሰጠው መረጃ ከ111 የማይዛመዱ ዓይኖች አይበልጥም። (አንዱ ዓይን መድኃኒት አግኝቶ ሌላው ማነጻጸሪያ ሲሆን ግን ዝምድናው ጥቅም ነው፤ ያነሰ ሰው ይበቃል።)

ትራኮማ ላይ ዝምድናው ወደ መንደር ይሰፋል። በዝንብና በእጅ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄድ በሽታ ስለሆነ፣ ከአንድ ጎጥ 50 ልጅ መመርመር 50 የተለያየ መረጃ አይሆንም። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደው የኤዚትሮማይሲን ሙከራ ዕጣ ያወጣው ለእያንዳንዱ ልጅ ሳይሆን ለ72 የቀበሌ ክፍሎች ነበር።

ከዚያ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። መድኃኒቱ በታደለባቸው አካባቢዎች የልጆች የመሞት ዕድል ወደ ግማሽ ወርዶ ታየ። ሙከራው የታቀደው ግን ለትራኮማ ነበር። የተመዘገበው ሞት ጥቂት ስለነበር እውነተኛው ቅናሽ 10 በመቶም 71 በመቶም ሊሆን ይችል ነበር። እዚህ ላይ "በግማሽ ቀነሰ" ብሎ ማወጅ ቀላል ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ለሞት የሚበቃ ናሙና አሰሉ፤ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ከ1,500 በላይ ማኅበረሰቦች፣ ወደ 190,000 ሕፃናት። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ቅናሹ 13.5 በመቶ ሆነ። ቦታውም የልጆቹ ዕድሜም ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ ማላተም አይገባም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት በጣም ከፍተኛ ለሆነባቸው አካባቢዎች በ2020 በቅድመ ሁኔታ መመሪያ ሲያወጣ፣ የተደገፈው ይህን በመሰለ ሰፊ ጥናት ነው።

"ተማሪ ይህን ያህል ሰው ከየት ያመጣል?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አያመጣም። ስለዚህ ወይ ጥያቄውን ይቀይር፣ ወይ አምስት ተማሪዎች በአንድ ጥናት ይተባበሩ። የዓይን ግፊትን አማካይ ማወዳደር "ታውሯል አልታወረም" ብሎ ከመቁጠር ባነሰ ሰው ይሠራል። አምስት ትንንሽ ጥናቶች አምስት ጊዜ "ልዩነት አልተገኘም" ቢሉ ግን ሐኪሙ "መድኃኒቱ አይሠራም" ብሎ ያነበዋል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የሚጎዳው ደግሞ ተመራማሪው ብቻ አይደለም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ገብቶለት ግማሽ ቀን ዓይኑ ደብዝዞ የዋለ ገበሬ የሥራ ቀኑን ሰጥቷል። የፈረመበት ቅጽ ላይ "ጥናቱ ሌሎችን ይጠቅማል" ተብሎ ተጽፏል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የቅጹን አማርኛ ቃል በቃል ሲያርም፣ 422 ከየት መጣ ብሎም ይጠይቅለት።