ያገለገለ የናፍጣ መኪና በኩንታል ነው የሚገዛው



የዛሬው የዕለቱ ዋጋ አይደለም፤ ከዋጋ ግን አይወጣም። ሰሞኑን «ማሾ ስንት ገባ?» ብሎ ከሚደውልልኝ ይልቅ «የማያስቸግር፣ ናፍጣ የማይጠጣ ያገለገለ መኪና ጠቁመኝ» የሚለኝ በዝቷል። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሰብሳቢም ደውለው «ልጄ፣ አባላቱ ገንዘብ አዋጥተዋል። አንተ እገራዶ ተቀምጠህ የሚወጣ የሚወርደውን ታያለህ፤ የቱን እንግዛ?» አሉኝ። ለሳቸው ያልኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው። መኪናን በስሙ ወይም ደላላው በሚጠራው ዋጋ አትግዙ። አንድ ኩንታል ከገበሬው ደጅ ኮምቦልቻ መጋዘን ለማድረስ በሚያስወጣችሁ ብር ግዙ።

ለምን? ኮምቦልቻ ላይ የእህል ዋጋ የሚቆረጠው በእኛ መኪና ጥማት አይደለም። ላኪው የሚያየው የውጭ ገበያውን፣ የምንዛሪውን ሁኔታና እስከ ጅቡቲ ያለውን ወጪ ነው። «መኪናዬ ብዙ ናፍጣ ስለበላች 30 ብር ጨምርልኝ» ቢሉት ይስቃል። ስለዚህ ትርፍ የተቃጠለው ናፍጣ ወይ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል፣ ወይ ከነጋዴው ትርፍ ላይ። ሦስተኛ ከፋይ የለም።

ስሌቱ

ናፍጣ በግንቦት 2014 አዲስ አበባ ላይ ሊትሩ 35 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። በሰኔ መጨረሻ መንግሥት ድጎማውን በሂደት ማንሳት ሲጀምር 49 ብር ከ02 ሆነ። በመስከረም 2017 መጨረሻ 90 ብር ከ28፣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ገባ። ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 100 ብር እንያዘው። እናንተ ዛሬ በትክክል የምትከፍሉትን አስገቡበት፤ ከጀሪካን የምትቀዱም ከሆነ የጀሪካኑን ዋጋ።

ሁለት 50 ኩንታል የሚጭኑ አይሱዙዎች እንውሰድ። መንገዱ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ይሁን። የመጀመሪያዋ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፦ 40 ሊትር፣ 4,000 ብር፣ በኩንታል 80 ብር። ሁለተኛዋ ሞተሯ ደክሟል፣ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው የምትሄደው፦ 57 ሊትር፣ 5,700 ብር፣ በኩንታል 114 ብር። ልዩነቱ በኩንታል 34 ብር ነው። በዓመት 100 ምልልስ ብትሠራ 170,000 ብር ናፍጣ ብቻ።

በ2014ቱ ዋጋ ግን ይኸው ልዩነት በኩንታል 12 ብር ብቻ ነበር፤ ያኔ ብንንቀውም አያስደንቅም። ናፍጣ ርካሽ በነበረ ጊዜ የለመድነው የመኪና አገዛዝ ዛሬ አይሠራም የምለው ለዚህ ነው። «ርካሽ ናት» የተባለችው መኪና በ200,000 ብር ቅናሽ ብትገዛ፣ ቅናሹን በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ በናፍጣ ትበላዋለች። ጋራዡን ገና አልቆጠርንም።

የእኛ መንገድ ምን ዓይነት ሞተር ይፈልጋል?

መንገዳችንን ታውቁታላችሁ። ከወረኢሉና ከለጋምቦ በኩል የሚመጣው ጭነት ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ ወደ ገራዶ ይወርዳል፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሴ ይወጣል፣ ከዚያ ሐረጎን ይዞ 1,850 ሜትር ገደማ ወዳለችው ኮምቦልቻ ይወርዳል። እህሉ በአብዛኛው ቁልቁል ነው የሚሄደው። ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶውና ጨው ደግሞ ሽቅብ። ስለዚህ መኪናዋ ሁለት ነገር ትችል ዘንድ ግድ ነው፦ ተጭና ስትወርድ መቆም፣ ተጭና ስትወጣ አለመታፈን።

በገበያው ያሉትን የናፍጣ ሞተሮች በሁለት እንክፈላቸው።

አንደኛው ወገን ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው የቆዩት ናቸው። ከቶዮታ ሃይሉክስ 3ኤልና 5ኤል፣ ከላንድክሩዘር 1ኤችዜድ፣ ከአይሱዙ ኤንፒአር 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1። እነዚህ ቱርቦ የላቸውም፣ ኮምፒውተርም አይፈልጉም። ኖዝላቸው የሚሠራበት ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ የቆሸሸ ናፍጣ ይታገሣሉ፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚፈታቸው መካኒክ አይጠፋም። ጉድለታቸው ጉልበት ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲወጣ የምታዩት ያልተቃጠለ ብራችሁን ነው።

ሁለተኛው ወገን ኮመንሬል ናቸው፤ ዲፎርዲ የምንላቸው ሃይሉክሶች (2ኬዲና 1ኬዲ)፣ ከአይሱዙ ደግሞ 4ኤችኬ1። ቱርቦ ስላላቸው ከፍታ ላይ አይታፈኑም፣ በደህና ጊዜያቸው በኪሎ ሜትር የሚፈጁት ናፍጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን ፓምፓቸው ከ1,300 ባር በላይ ይገፋል፤ የሚለሰልሰውም በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ካገኘው ፓምፑም ኢንጀክተሩም አብረው ይሄዳሉ። የአራት ኢንጀክተር ሒሳብ ምን ያህል እንደሆነ የከፈለ ያውቀዋል።

እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው ናፍጣውን ከየት በምትቀዱበት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከማደያ ሞልቶ በዋና መንገድ ላይ ለሚመላለስ ሰው ንጹሕ ታሪክ ያላት ዲፎርዲ ትርፏ ይታያል። ከበርሜልና ከጀሪካን እየቀዳ ቀበሌ ለቀበሌ ለሚሰበስብ ማኅበር ግን በበኩሌ አልመክርም፤ 5ኤል ወይም የድሮው ኤንፒአር ይሻለዋል። ሽቅብ ማዳበሪያ የሚያመላልስ ዩኒየን ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ባለቱርቦ አይሱዙ ካገኘ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ አገኘ ማለት ነው።

«ኤሌክትሪክስ?» የምትሉኝ አላችሁ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲናገሩ አቅጣጫው ታውቋል። ለከተማ ሩጫ ጥሩ ነው። 50 ኩንታል ጭኖ መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ለሚያድር መኪና ግን ጊዜው ገና ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

የመካኒኩን ዋጋ አትቆጥቡ። ሻጩ የማያውቀው፣ ደላላው ያላመጣው መካኒክ ይሁን። ከሱ ጋር እነዚህን እዩ፦

1. ጠዋት ሄዳችሁ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሱ። ስትደርሱ ኮፈኑ ሞቅ ካለ አንድ ሰው ቀድሟችኋል፤ ነገ ተመለሱ።

2. ጭሱን አንብቡ። ሰማያዊው ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ ኖዝል፣ ፓምፕ ወይም ቴስታታ ጠርጥሩ። ጥቁሩ ናፍጣ በዝቷል ወይ አየር አንሷል ነው።

3. ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። እንደ ማንቆርቆሪያ የሚያተነፍስ ከሆነ ፋሻው አልቋል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ክፈቱ፤ ሲነሳ ውስጡ ከፈላ ጋስኬቱ ላይ ችግር አለ።

4. ፓምፑ «ተከፍቶ» እንደሆነ አስመርምሩ። የደከመ ሞተር ጎበዝ እንዲመስል ናፍጣ የሚያስጨምሩለት አሉ። ዳገት ላይ ያስደስታል፤ ሒሳቡን ማደያው ላይ ታገኙታላችሁ።

5. ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። የፔዳሉ ጎማ፣ መሪውና መቀመጫው ያለቀበት መኪና 90,000 አልሄደም። 3ኤል፣ 5ኤልና ዲፎርዲ በቀበቶ ታይሚንግ የሚሠሩ ስለሆነ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ማስረጃ ከሌለ የቅያሪውን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ቀንሱና ወዲያው ቀይሩ።

6. ከነጭነቷ ሐረጎን አስወጧት። ባዶ መኪና በሜዳ ሁሉም ትሮጣለች። ኮምቦልቻ ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሙሉ፣ ደሴ ደርሳችሁ ተመለሱ (50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ እዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ ሙሉ። የገባው ሊትር የመኪናዋ እውነተኛ ቃል ነው። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑንና የሞተር ፍሬኑን አረጋግጡ። «አልፈትንም» ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወረቀቱ

ከሞተር ይልቅ ወረቀት የገደለው ገዢ ይበዛል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር በፊደል ይገጥም። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ስንት መኪና ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ ረስተነዋል? ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ሊብሬው «ጠፍቶ በምትክ የወጣ» ከሆነ ዋናው ፋይል ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትክፈሉ። እዳና እገዳ መኖሩንም እዚያው አስጠይቁ።

በቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ከጉምሩክ በጽሑፍ ያዙ። ካልተከፈለ ስሙን ማዞር አትችሉም፤ የሻጩን እዳ ነው የምትገዙት።

«በውክልና እንጨርሰው፣ ግብር ይቀርልናል» የሚለው ነገር ደግሞ ለማኅበር ፈጽሞ አይሆንም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ወራሽ መጥቶ «የአባቴን መኪና» ይላል። ሲፈልግም ውክልናውን ይሽራል። የአባላት ገንዘብ የተከፈለበት ንብረት በአባላቱ ማኅበር ስም ይዙር። ከዚያ በመለስ ያለው ሁሉ እምነት እንጂ ንብረት አይደለም።

«መኪና ገንዘብ ነው» ለሚሉ

ብዙ ነጋዴ ወንድሞቼ የሚሉኝ ይህ ነው፦ ብር በባንክ ይሟሟል፣ መኪና ግን ይጨምራል። ትክክል ነበር። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ጀምሮ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር የሚከፈልበት ታክስ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን አልፎ ሄደ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ብረት በዚህ ሁሉ ተወደደ። ግን በዚያው ምንዛሪ መለዋወጫውም፣ ጎማውም፣ ናፍጣውም ተወዷል። መኪናዋ በወረቀት 300,000 ጨምራ፣ በሥራ 400,000 ብታቃጥል ምኑ ነው ትርፉ?

ዋጋዋ እስኪጨምር ግቢ የምትቆም መኪና የላኪ ወይም የነጋዴ ጉዳይ ልትሆን ትችላለች፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። የዩኒየን ግን አይደለችም። ዩኒየን መኪና የሚገዛው የአባሉን እህል ዋጋ ሳይወርድ ገበያ ለማድረስ ነው። ለዚህም ነው የጭነት አይሱዙ ሳይኖረው አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤት ደብል ጋቢና የሚገዛ ማኅበር ስሰማ ቅር የሚለኝ። ደብል ጋቢናዋ ስብሰባ ታደርሳለች፤ ማሾውን በሰው መኪና፣ በሰው ዋጋ ነው የምናስጭነው። የመኪና ጥያቄ በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ አባላት «ስንት ተገዛ?» ብቻ አይበሉ። «በኩንታል ስንት ታወጣናለች?» ብለው ይጠይቁና መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ለሰብሳቢው የሰጠሁት ምክርም ይኸው ነው፦ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ መኪና ላይ አትጨርሱ፣ ቢያንስ ከአሥር አንዱን እጅ ለጥገና አስቀምጡ። አነስ ያለች፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ሞተሯና ወረቀቷ ንጹሕ የሆነች ኤንፒአር ፈልጉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ሊትር፣ ኪሎ ሜትርና ኩንታል የሚጽፍበት አንድ ደብተር ይኑር። በሊትር የምትሄደው መውረድ ሲጀምር ደብተሩ ከመካኒኩ ቀድሞ ይነግራችኋል።

አብሽሩ፣ ጥሩ መኪና አልጠፋም። የጠፋው ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። የእናንተ መኪና በኩንታል ስንት እንደሚያወጣ አስሉና መንገዱንና የሚጭነውን ጠቅሳችሁ በኮሜንት አስቀምጡልን። ዋጋ የምንነጋገረው እህሉ ላይ ብቻ መሆን የለበትም።

መልካም ገበያ፣ ከገራዶ።