ዶሮዋ የራሷ ቤት ይኑራት

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዶሮ ነው፤ ስለ ወጡ ሳይሆን ስለ ማደሪያዋ።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የ45 ቀን ጫጩት ወስዶ ማሳደግ በየከተማውና በየገጠሩ ተለምዷል። ደስ የሚል ነገር ነው። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። የተሻሻለችው ዝርያ ደግሞ መኖና ክትባት ካልጎደለባት 250 እና ከዚያም በላይ ትጥላለች። ይህ ለልጅ ምግብ፣ ለእናት የእጅ ገንዘብ ነው። "ለመሆኑ ዶሮዎቹ የት ያድራሉ?" ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ "እዚሁ ከእኛው ጋር" የሚል ነው።

በእኛ በአማኑኤልና በአካባቢው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዶሮ ከጥንትም ማደሪያዋ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ነው። ምክንያትም አለው። የደጋው ሌሊት ብርድ ነው፤ ሸለምጥማጥ አለ፤ ሌባም አለ። በሥራ ላይ ሳለሁ ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት "ሲስተር፣ ውጭ አሳድሪያቸው ይሉኛል፤ ሸለምጥማጥ ሲጨርሳቸው እርስዎ ይተኩልኛል?" ብላኛለች። እውነቷን ነው። የሚቆለፍና አውሬ የማይገባበት ማደሪያ ሳይኖር "ዶሮ ከቤት ይውጣ" ቢሉ ማን ይሰማል?

ታዲያ ለምን ይውጡ? በሕፃናቱ ምክንያት ነው። ዶሮ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉትን ተሕዋስያን እሷ ሳትታመም በአንጀቷ ይዛ ትኖራለች። ከኩሷ ጋር ይወጣሉ። ጠዋት ወለሉ ቢጠረግም የቀረው ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። በዚያው ወለል ላይ የሚድኸው ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጥ ሲይዘው እናቱ ታያለች፤ ወደ ጤና ጣቢያም ትወስደዋለች። የሚያሳስበው የማይታየው ጉዳት ነው። ተሕዋስያኑ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሲገቡ፣ ተቅማጥ ባይኖርም የአንጀቱ ግድግዳ ሊጎዳና የበላው ምግብ በደንብ ላይመጠጥ ይችላል። ልጁ ይበላል፤ ዕድገቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ገጠር በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት በሚያድሩበት ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታይቷል። ለክልላችን ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ 38 በመቶ። ለመቀንጨር ብዙ ምክንያት አለው፤ ዶሮ ብቻዋን አትከሰስም። ነገር ግን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንዲሉ፣ ለልጅ ብለን ባመጣናት ዶሮ ልጁን መጉዳት የለብንም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ለዶሮ የሚያስፈልጋት ማታ የሚቆለፍ ቤትና ቀን የምትውልበት በሽቦ የታጠረ ግቢ ነው።

ቦታው ውኃ የማይተኛበት፣ ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ያለ ይሁን። ከመኖሪያ ቤቱም ይለይ፤ ሌሊት ሲንጫጩ እንዳይሰማ ያህል ግን አይራቅ። ለ5 ዶሮ 1 ካሬ ሜትር ወለል ስለሚበቃ፣ ለ20 ዶሮ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ባሕር ዛፉም ጭቃውም ከደጃችን ነው። ግድግዳውን ከሥር ሁለት እጅ መርጉት፤ ከላይ የቀረውን አንድ እጅ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ብርድ ሲበረታ ጆንያ ማውረድ ይቻላል፤ ጨርሶ መድፈን ግን አይገባም። ጤነኛ ዶሮ ብርዱን በላባዋ ትከላከላለች፤ የሚጎዳት እርጥበትና ከኩሱ የሚነሳው የታፈነ ሽታ ነው።

ሸለምጥማጥ ጠባብ ቀዳዳ አይመልሰውም። ስለዚህ ሽቦው ከጣት በላይ የማያስገባ ይሁን፤ ጫፉም አንድ ስንዝር ተኩል ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር። በሩ እውነተኛ ቁልፍ ይኑረው። በውስጡ ለእያንዳንዷ ዶሮ አንድ ስንዝር የሚደርሳት የቆጥ እንጨት፣ ለ5 ዶሮ ደግሞ አንድ ጨለም ያለ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ይበቃል። ወለሉ ላይ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ጎዝጉዙ፤ የረጠበውን ቶሎ ቶሎ አውጡ። ፍጉ ከበሰበሰ በኋላ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

የቀኑ ግቢ በሰፋ ቁጥር ይሻላል። ለጭልፊት ከላይ መረብ ይዘርጋበት። እዚህ ላይ ግን ወጪውን ማሰብ ያስፈልጋል፤ የታጠረች ዶሮ ጭራ መብላት ስለማትችል መኖዋ ከእጃችን ነው። አቅም ከሌለ የአበሻዋን ዶሮ ቀን ልቀቋት፤ ማታ ግን ወደ ራሷ ቤት ትግባ። ሕፃኑ የሚጫወትበት ቦታም ከዶሮ ይከለል።

ፈንግልንም እንዳትረሱ። ዶሮዎች በአንድ ቤት ሲሰበሰቡ አንዷን የያዘ በሽታ ሁሏንም ያዳርሳል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ቤቱን የሚያጸዳው አዋቂ ሰው ይሁን፤ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ጫጩት ከመምጣቷ በፊት ቤቷ ይሠራ፤ የቤቱ ወጪም ከዶሮዋ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ሃያ ጫጩት ወስዶ ጓዳ ከማሳደር አምስት ወስዶ በደንብ ማኖር ይበልጣል። ጫጩት የምታከፋፍሉ ባለሙያዎችም፣ ከማስረከባችሁ በፊት ማደሪያውን እዩ። እንቁላሉ ሲመጣ ደግሞ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሕፃኑ ድርሻ ይነሣለት።