የፎቁ በር ለማን ነው?

ከተማ ሲያድግ ቤቱ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ሰው ይበዛል፤ መሬት ግን አይበዛም። ስለዚህ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ተሠራ ብለን የምንከስ አይደለንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በበሩ የሚገባው ማን ነው? የሚል ነው።

በምንማርበት አገር በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሐድሰን ወንዝ አጠገብ አንድ ባለ 33 ፎቅ ሕንጻ ተሠርቷል። ባለቤቱ የመንግሥትን ድጋፍ ለማግኘት ሲል 55 ቤቶችን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መደበ፤ ነገር ግን የሚገቡበትን በር ለየባቸው። ሕዝቡም «የድኻ በር» አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለእነዚያ 55 ቤቶች ከ80 ሺህ የሚበልጥ ማመልከቻ ገባ። ችግረኛ ምርጫ የለውምና የተለየውንም በር ቢሆን ይለምናል። በዚያው ዓመት በግብር ቅናሽ የሚሠሩ ሕንጻዎች እንዲህ ያለ በር እንዳይኖራቸው በሕግ ተከለከለ።

ሲንጋፖር ግን ሌላ መንገድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 መንግሥት በመሐል ከተማ 50 ፎቅ ያላቸው ሰባት ሕንጻዎች ሠርቶ 1,848 ቤቶችን፣ ገቢያቸው ከተወሰነው ለማያልፍ ቤተሰቦች ሸጠ። ሰባቱም በ26ኛውና በ50ኛው ፎቅ በድልድይ ተያይዘዋል። እንግዲህ ከፍታ የሀብታም ብቻ ነው ማለት ሐሰት ነው።

ወደ አዲስ አበባችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ምትክ ቤት ያገኙ መኖራቸውን አንክድም። ነገር ግን በደጇ ጉልት ስትቸረችር የኖረች እናት ደንበኞቿን በማዳበሪያ ጠቅልላ አትሄድም፤ ዕድሩም እንደ ዕቃ በመኪና አይጫንም።

ስለዚህ በፈረሰው ሰፈር ላይ በሚቆመው ፎቅ፣ አንደኛ፣ ለቀድሞው ነዋሪ የተወሰነ ድርሻ ይሰጥ፤ በሩም አሳንሰሩም የሁሉም አንድ ይሁን። ሁለተኛ፣ ምድር ቤቱ ለትንንሽ ሱቆች ይከራይና ገንዘቡ ለአሳንሰሩ ጥገናና ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ይዋል፤ ይህ ወጪ በድኻው ላይ ከወደቀ ቤቱን አከራይቶ መውጣቱ አይቀርምና። ሦስተኛ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢ እንደ ተለመደው፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት የጋራ ቤት ይኑረው።

«ይህ ከሆነ ባለሀብት ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የግለሰብ ንብረት አይደለም፤ ዛሬም ባለሀብቱ ቦታውን የሚያገኘው ከመንግሥት በሊዝ ነው። ቦታውን የሚሰጥ ደግሞ ውሉን ይጽፋል። የአንድ በር ግዴታ በዚያ ውል ውስጥ አንድ መስመር ነው። ይህ መስመር ካልተጻፈ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ ነው። እኛም ነገ መሐንዲስና ሕግ ዐዋቂ ሆነን ስንመለስ፣ ያ መስመር ያልተጻፈበትን ውልና ፕላን አንፈርም።