ሳይጠሩት ስለሚመጣ አሳብ

የትምህርት ቤታችን መጽሔት በየዓመቱ ሲታተም ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ መልካም ጠባይ፣ ስለ ጊዜ ክቡርነትና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ይጻፍበታል። እነዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉ ነገሮች ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ ሌላ ነገር አሳቤን ለመግለጽ ፈቀድሁ፤ ይኸውም ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው የምንዞር፣ ነገር ግን ለእናት ለአባት፣ ለመምህርም ለጓደኛም የማንነግረው ነገር ነው። በእግዚአብሔር የሚያምን ክርስቲያን፣ ሳይወድና ሳይፈልግ፣ ስለ እግዚአብሔር ክፉ አሳብ ወደ ልቡናው ሲመጣበት ምን ያድርግ?

ነገሩን በግልጥ ላስረዳ። አንድ ሰው ቅዳሴ ቆሞ ሲጸልይ ድንገት የስድብ ቃል በልቡ ያልፋል። ሥዕል ሊሳለም ሲያጐነብስ የሚያስነውር አሳብ ይመጣበታል። ማታ በመኝታው «እግዚአብሔር ባይኖርስ? ቢኖርም ክፉ ቢሆንስ?» የሚል ነገር ይመላለስበታል። ሽማግሌዎቻችን የሌላ ሰው የክህደት ቃል ለመንገር እንኳ ሲገደዱ አስቀድመው «ሎቱ ስብሐት» ይላሉ። እንዲህ ባለ አክብሮት ያደገ ልጅ፣ ያንኑ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከገዛ ልቡ ሲሰማው እንዴት እንደሚደነግጥ አንባቢ ይገምት። ይህን ድንጋጤ እኔም ከሰው ሰምቼ ብቻ ሳይሆን በራሴም ደርሶብኝ አውቀዋለሁ።

በሰፈራችን የማውቀው አንድ ወጣት አለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዳዊት የደገመ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የዘመረ ልጅ ነው። ይህ አሳብ ከጀመረው ወዲህ ግን መቍረብ ተወ፤ ቀጥሎም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መግባት ትቶ ከቅጽሩ ውጭ እየቆመ ይመለስ ጀመር። እናቱ «ጓደኛ አበላሸብኝ» እያሉ ያዝናሉ፤ አባቱ ይቈጣሉ። እርሱ ግን የራቀው እግዚአብሔርን ስለ ናቀ አይደለም፤ እጅግ ስለ ፈራና ስላከበረ ነው። «እንደ እኔ ያለ ርኩስ ሰው እንዴት ይገባል?» ብሎ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ግድ የሌለው ሰው በሰላም ተኝቶ ሲያድር፣ አማኙ በእምነቱ ምክንያት እንቅልፍ አጣ። የማይወዱት ሰው ቢሰደብ ማን ያለቅሳል? ስለዚህ የልጁ ጭንቀት ራሱ የፍቅሩ ምስክር መስሎ ይታየኛል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ሰው የሚበድለው በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ነው ተብለን ተምረን የለምን? እንግዲያስ አሳብም ኃጢአት ነው» ብሎ ይቃወመኝ ይሆናል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ እኔም አልክደውም። ነገር ግን በሐልዮ መበደል ማለት ክፉውን አሳብ ወዶና ተቀብሎ በልብ ማኖር ነው እንጂ አሳቡ በደጅ ማለፉ አይደለም። ሌባ በር ቢያንኳኳ ባለቤቱ ሌባ አይባልም፤ ከፍቶ አስገብቶ የተሰረቀውን ከተካፈለ ግን ያን ጊዜ ይጠየቃል። ጌታችንም በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ከጾመ በኋላ ሰይጣን እንዲሰግድለት ጠይቆታል። ከዚህ የከፋ አሳብ ከቶ ምን አለ? ነገር ግን ስላልተቀበለው ኃጢአት አልሆነበትም።

ይህን ልዩነት የጥንት አባቶች አሳምረው ያውቁት ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሲና አበምኔት የነበረው፣ ባለ 30 ደረጃ መሰላል አስመስሎ ስለ ጻፈው መጽሐፍ «ባለ መሰላሉ ዮሐንስ» የሚባለው አባት የአንድ መነኵሴ ታሪክ ጽፏል። መነኵሴው 20 ዓመት ሙሉ በስድብ አሳብ ይሠቃይ ነበር። በጾምና በትጋት ሰውነቱን ቢያደክም ምንም አልጠቀመውም። በመጨረሻ አሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ ቅዱስ ሽማግሌ ሰጠና ቀና ብሎ ለማየት ስላፈረ በግንባሩ ተደፋ። ሽማግሌው አንብበው ፈገግ አሉ። አንሥተውም እጁን በአንገታቸው ላይ እንዲያኖር አዘዙት፤ ኃጢአቱ በእርሳቸው አንገት እንዲሆን፣ እርሱ ግን ከእንግዲህ አሳቡን ከቍጥር እንዳያገባው ነገሩት። መነኵሴው ከበኣታቸው ሳይወጣ ሕመሙ ለቀቀው ይላል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የሽማግሌው ፈገግታ ነው። 20 ዓመት በጾም ያልተፈታው ነገር አንድ ሰው ሳይደነግጥ ስለ ሰማው ተፈታ።

ከዚህ አባት ብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በሩቅ አገርና በሌላ የክርስትና ወገን ያው ነገር ታይቷል። በ1628 በእንግሊዝ አገር የተወለደው ጆን በንየን የተበሳ ድስት እየጠገነ የሚኖር ሰው ነበር። በ1666 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ ክርስቶስን ሽጠው የሚል አሳብ አንድ ዓመት ያህል አሳደደው። ምግብ ሲበላ፣ እንጨት ሲፈልጥ አይለየውም ነበር። እርሱም ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ «አልሸጠውም» እያለ ይመልስ ነበር። ይኸው ሰው በ1678 ያሳተመውና ወደ አማርኛም የተተረጐመው የክርስቲያን ጉዞ ታሪክ በዓለም እጅግ ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። በዚያም መጽሐፍ መንገደኛው በሞት ጥላ ሸለቆ ሲያልፍ አንድ ርኩስ መንፈስ ከኋላው ቀርቦ የስድብ ቃል ያንሾካሹክበታል፤ እርሱ ግን ከገዛ ልቡ የወጣ መስሎት ያዝናል። ይህን ክፍል የጻፈው የቀመሰው ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

የዛሬ ዘመን ሊቃውንትም በነገሩ ላይ ምርምር አድርገዋል። በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ሊቃውንት ጤነኞችንና ሕመምተኞችን ቢያነጻጽሩ፣ ከጤነኞቹም አብዛኞቹ ሳይፈልጉት የሚመጣ አስቀያሚ አሳብ እንዳላቸው አገኙ። ልዩነቱ በአሳቡ ዓይነት ሳይሆን በሚመላለስበት ብዛትና በሚያመጣው ጭንቀት ነው። በ1987 ደግሞ ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ግን ደወል ደውሉ» አላቸው። ደወሉ ተደጋግሞ ተደወለ። ኋላም እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው፣ መጀመሪያ የተከለከሉት ካልተከለከሉት ይበልጥ አሰቡ። እንግዲህ የሲና ሽማግሌ «ከቍጥር አታግባው» ያሉት ምክር ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ድቡን በዱላ ያባረረ ሰው ድቡን ሲያስብ ይውላል።

ነገር ግን ሳይጠሩት የሚመጣ ስድብ አንድ ነገር ነው፤ ከልብ የሚነሣ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። «ደግ ሰው ለምን ይሠቃያል? ስጸልይ ለምን አልተሰማሁም?» የሚል ተማሪ አልተሳደበም፤ ጠየቀ እንጂ። በእኛ ዳዊት 72ኛ በሆነው መዝሙር አሳፍ የኃጢአተኞችን ሰላም አይቶ እንደ ቀናና እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደ ቀረው ይናገራል። መልስ ያገኘው ግን ወደ እግዚአብሔር መቅደስ በገባ ጊዜ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ አሳፍ እስኪነጻ ድረስ ከደጅ አልቆመም፤ ጥያቄውን እንደ ያዘ ገባ። ከቅጽር ውጭ ለሚቆመው ወዳጄ ልነግረው የምፈልገው ይህን ነው።

ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችንም በትሕትና አንድ ነገር ላሳስብ። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር «ዝም በል! ይቀሠፋል!» ማለት ለእግዚአብሔር መቈርቈር ይመስላል። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋርም ለእግዚአብሔር የተከራከሩ መስሏቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን የተገሠጹት እነርሱ ናቸው እንጂ አምርሮ የጮኸው ኢዮብ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ከሠሩት ሁሉ የተሻለው፣ መጀመሪያ 7 ቀን ከአጠገቡ ዝም ብለው መቀመጣቸው ነው። ቍጣ አሳቡን አያጠፋውም፤ ልጁን ከአባቱ ይለየዋል እንጂ።

እናንተም ጓደኞቼ፣ ይህ ነገር ቢደርስባችሁ ከአሳቡ ጋር አትከራከሩ፤ ስለ እርሱም ጸሎታችሁን አታቋርጡ። ለነፍስ አባታችሁ ወይም ለምታምኑት ታላቅ ሰው ንገሩ። አሳቡ ሰዓታት እየወሰደ፣ አንዱን ጸሎት «አልተስተካከለም» እያሰኘ ደጋግሞ የሚያስጀምር፣ ትምህርትንና እንቅልፍን የሚከለክል ከሆነ ግን ሐኪሞች የሚያውቁትና የሚያክሙት ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ለወባ መድኃኒት የሚውጥ ሰው እምነት ጐደለው እንደማይባል፣ ይህም እንደዚያው ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የልብ በሽታም ከዚህ አይወጣም። በየክፍላችን ዝም ብለው ከተቀመጡት መካከል ማን ይህን ሸክም እንደ ተሸከመ አናውቅም፤ ስለዚህ አንዱ ደፍሮ ሊነግረን የመጣ እንደ ሆነ፣ እንደ ሲናው ሽማግሌ ፈገግ ብለን ለመስማት የተዘጋጀን እንሁን።