አጃው ይቆይ፣ ማሽላው ይጣድ

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ቁርስ ነው። «በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ ደግሞ ስለ ቁርስ ምን ይጻፋል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ብዙዎቻችን የ2 ሰዓቱን ክፍል በባዶ ሆድ፣ ግፋ ቢል በአንድ ብርጭቆ ሻይ እንደምንገባ እንተዋወቃለን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጤናማ ቁርስ የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር አጃ ከነፍራፍሬው ይጠራል። የዶርም ጓደኛዬማ አጃው፣ ሙዙና ፖሙ አንድ ላይ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ገብተው በአሥር ደቂቃ በስለው ሲወጡ ያየውን እንደ ተአምር ነው የሚያወራው። በሐሳቡ ግማሽ እስማማለሁ። ድስቱም ይሁን፣ ፍራፍሬውም ይሁን። እንደኔ እንደኔ ግን ለጎብዬና ለመሰሎቿ ቆላ አገሮች እህሉ ተሳስቷል፤ ፍራፍሬው የሚገባበት ሰዓትም ተሳስቷል።

በአጃ ላይ ክፉ መናገሬ አይደለም። ደገኛው ለአራስ አጥሚት ያደርገዋል፤ በረመዳንም በማፍጠሪያ ሰዓት የአጃ ሾርባ የሚሸትባቸው የወሎ ቤቶች ብዙ ናቸው። ቤታ ግሉካን የተባለው የሚሟሟ አሰሩ ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስም የታወቀ ነው። ነገር ግን አጃ የደጋ እህል ነው። ጎብዬ ላይ አጃ የሚበላ ሰው ከሱቅ በፓኬት ገዝቶ ነው፤ ጎተራው ውስጥ ማሽላ ተቀምጦ!

ጎብዬን ለማታውቋት፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ዶሮ ግብርን አልፋችሁ ሮቢት ሳትደርሱ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ንፍሮው፣ ጠላው ከማሽላ ነው። ገበሬው ደጋሊት፣ ጅጉርቴ እያለ በየዓይነቱ ይለየዋል። ይህች ከተማ እኮ በማሽላ ሳይንስ ውስጥ ስሟ የገባ ናት። አቀንጭራ የተባለው አረም የማሽላውን ሥር ተጣብቆ ሲመጠምጠው ገበሬው ምን ያህል እንደሚያለቅስ የአካባቢው ልጅ ያውቃል። ይህን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በማሽላ ሥራቸው ነው። ከነዚያ ዝርያዎች አንዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ውስጥ ሲለቀቅ የተሰጠው ስም «ጎብዬ» ነው። ታዲያ በስሟ ማሽላ የተሰየመላት ከተማ ልጅ «ጤናማ ቁርስ አጃ ነው» ሲባል ዝም ብዬ ልስማ?

ወደ ድስቱ ልግባ። በእኛ ሰፈር ፕሬዠር ኩከር ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። አብዛኛው ከጂዳና ከሪያድ፣ እህቶቻችንና አክስቶቻችን ሲመለሱ ይዘውት የመጡ ነው። የኛም እንደዚሁ ነው። ችግሩ ድስቱ ከቡፌ አይወርድም። እንደ ጌጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ተደርድሮ በበዓል አቧራው ይጠረግለታል። እናቴን «ለምን አትሠሪበትም?» ስላት «ይፈነዳል ይላሉ፤ የኔ ሸጋ፣ ለቅንጬ ብዬ ቤቴን ላፍርስ?» አለችኝ። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም፤ ግን እኛ ጋዝ ሕግ የተማርን ልጆች ሄደን ካላስረዳን ማን ያስረዳ?

ነገሩ ቀላል ነው። ጎብዬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ክፍት ድስት ላይ ያለ ማሽላ እሳቱን የፈለገውን ያህል ብታነዱለት ከዚያ አያልፍም። ክዳኑ ታፍኖ የአንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ሲጨመርበት ግን ከ115 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚለውን ግምት ከወሰድን አራት እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። (ይህን ድስት እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው ፈረንሳዊ ስሙ ፓፓን ነው፤ ፓፓያ ይዤ ልመጣ ስለሆነ ነው መጥቀሴ።) በሌላ አነጋገር አንድ ሰዓት የሚጣደው የማሽላ ቅንጬ በ15 እና 20 ደቂቃ ይደርሳል። ተጠፍጥፎ የመጣው አጃ ድሮውንም በተራ ድስት በደቂቃዎች ስለሚበስል ያን ሁሉ ግፊት ምን ያደርግለታል? ድስቱን የሚፈልገው ጠንካራው ማሽላ ነው። የሚድነው ደግሞ ጊዜ ብቻ አይደለም። በኛ አካባቢ የሚነደው አንዱ አገዳ ነው፤ አገዳው የከብቱም መኖ ነው። ማልዳ ጭስ ውስጥ የምትቀመጠው ታናሽ እህቴም ትምህርት ቤት አላት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጭ ማሽላ ወፍጮ ቤት ሸርክቶ ማስመጣት፤ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደርና ጠዋት ውኃውን መድፋት። ለአንድ ብርጭቆ ሽርክት አራት ብርጭቆ ውኃ፣ ትንሽ ጨውና አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት። ቅባቱ አረፋውን ስለሚቀንስ አይዘለል። ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ቅንጬ አረፋ ሠርቶ የእንፋሎት መውጫውን ከደፈነ ነው እናቴ የፈራችው ነገር የሚመጣው። መውጫውና ጎማው ሳይታዩ አይጣድ። ከሰል ላይ ከሆነ እሳቱን እንደ ኤሌክትሪክ ባንዴ መቀነስ ስለማይቻል ሲያፏጭ ፍሙን መበተን ነው። ሲደርስ አውርዶ ራሱ እስኪበርድ መተው፤ እየተንፈሰፈሰ ክዳኑን የሚታገል ሰው ግን አይጣ!

ፍራፍሬው የሚጨመረው ሳህን ላይ ነው። ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲበላ የተሻለ ይወስደዋል። ያንን ቫይታሚን በ115 ዲግሪ መቀቀል መልሶ ማበላሸት ነው። በቆላው የሚበቅል ፓፓያ ወይም ማንጎ ቆርጦ ከላይ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ቅቤው ደግሞ የፓፓያውን ቤታ ካሮቲን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ሻዩ ግን ይዘግይ፤ ታኒኑ ብረቱን ይይዘዋል።

አጃ የሚበልጥበትን መደበቅ አልፈልግም። ማሽላ በውኃ ሲቀቀል ካፊሪን የተባለው ፕሮቲኑ በሰልፈር ትስስር እርስ በርሱ ይቆላለፍና ለመፈጨት ይከብዳል። በእንጀራ ጊዜ የሚሻለው ሊጡ ስለሚቦካ ነው። ስለዚህ በፍስክ ወተት፣ በጾም ለውዝ ይጨመርበት። ወተት ላይ ፓፓያ ካደረጋችሁ ደግሞ ቶሎ ብሉት፤ ፓፔይን የተባለው ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን እየበጣጠሰ ያመረዋል። ሽርክቱን ከመቀቀሉ በፊት ማቡካት ካፊሪኑን ምን ያህል ያላላው ይሆን? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የማይበቃ ጥያቄ ነው እንዴ? በየዓመቱ ርዕስ አጣን እያልን መምህራኖቻችንን ከምናስቸግር ይህን ብናነሳስ?

ባለፈው እረፍት ድስቱን ከቡፌ አወረድነው። እናቴ መጀመሪያ ደጅ ወጥታ ቆመች፤ ፉጨቱ ሲያልቅ ገባች። ሁለት ሳህን በላችና ፍርዷን ሰጠች፤ «ቅንጬው ሸጋ ነው። ፓፓያውን ግን ለብቻው ስጡኝ።»